ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል መብራት

አንድ ሳሎን፣ ኮርኒስ ውስጥ የተገጠሙ ስድስት ዳውንላይት የሚባሉ መብራቶች፣ ብርሃናቸውን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ አንድ ዲመር። አምፖሎቹ አዲስ ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ናቸው፤ ካርቶናቸው ላይ በዲመር እንደሚሠሩ ተጽፏል። በጣት የሚነካው ዲመርም ጤነኛ ነው፤ ሃሎጅኖቹ በነበሩበት ዘመን አንድ ቀን አላስቸገረም። ሙሉ ሲበራ ቤቱ ያምራል። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ ዝቅ ሲል ሁለቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ፣ አንደኛው ጭራሽ እልም ይላል። አጥፍቶ መተኛትም እረፍት የለውም፤ ጨለማው ውስጥ ስድስቱም እንደተዳፈነ ፍም ጭል ጭል ሲሉ ያድራሉ።

አምፖሎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይሻላል የተባለ ዓይነት ነበር፤ ለውጥ ግን አልመጣም። በመጨረሻ አንድ ነባር ኤሌክትሪሺያን መጣ። ብሬከሩን አውርዶ መሰላል ላይ ወጣና ከስድስቱ አንዱን ኤልኢዲ ነቅሎ በምትኩ አሮጌ 50 ዋት ሃሎጅን ሰካ። ሌላ ምንም አልነካም። ወርዶ ዲመሩን ዝቅ ሲያደርገው አምስቱ ኤልኢዲዎች ያለ አንዳች መርገብገብ ተከትለውት ወረዱ። ሲያጠፋው ሁሉም ጠፉ፤ ጭላንጭል የሚባል ነገር የለም።

ይህች ሙከራ ስታብሰለስለኝ ቆይታለች። አምስቱ አምፖሎች ያው ናቸው፣ ዲመሩም ያው ነው። ምንም ብልሃት የሌለው፣ የሚግል ሽቦ ብቻ የሆነ መብራት አጠገባቸው ስለተሰካ እንዴት አደብ ገዙ? የዚህ መልስ የገባው ሰው ዲመርና ዳውንላይት የሚመርጥበት መንገድ ራሱ ይለወጣል።

## ሃሎጅኑ ምን አደረገ

ዲመር ኤሌክትሪክን እንደ ቧንቧ ውኃ አያጠብም፤ ይቆርጣል። በ50 ሄርዝ መስመር ላይ ሞገዱ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ከዜሮ ተነስቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዲመሩ ከእያንዳንዷ ግማሽ ዙር ላይ ቁራሽ አስቀርቶ የተረፈውን ወደ አምፖሉ ይለቃል። የድሮው ዓይነት ከፊት በኩል ነው የሚቆርጠው፤ ትንሽ ይጠብቅና በድንገት ይከፍታል። ይህን የሚያደርገው ትራያክ የሚባል መክፈቻ ነው። ትራያክ አንድ ጠባይ አለው፦ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ክፍት ሆኖ የሚቆየው የተወሰነ ፍሰት፣ እንደየዓይነቱ ጥቂት አሥር ሚሊ አምፒር፣ እያለፈበት ከሆነ ብቻ ነው። ፍሰቱ ከዚያ ሲያንስ ራሱን ይዘጋል።

ለሚግል ሽቦ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሽቦው ዲመሩ የሰጠውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጠጣ ይሄዳል፣ ትራያኩም ያለ ሥራ አይቀርም። ኤልኢዲ ግን ከፊቱ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክልለት ድራይቨር አለ፤ በብዙዎቹ ድራይቨሮች መግቢያ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ተቀምጧል። ካፓሲተሩ ሲጎድል በአንድ ጉርሻ ይውጣል፣ ሲሞላ አፉን ይዘጋል። ትራያኩ በድንገት ሲከፍትለት ብዙ ፍሰት ላፍ ያደርግና ወዲያው ያቆማል። ትራያኩ የሚይዘው ሲያጣ ይዘጋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሙከራው በየዙሩ እኩል ቅጽበት ላይ ስለማያርፍ ዓይን መርገብገቡን ያያል። ከዲመሩ ወይም ከአምፖሉ የሚሰማው እዝዝ የሚል ድምፅም ከዚሁ ድንገተኛ ጉርሻ ይመጣል። ሃሎጅኑ ሲጨመር ግን ኤልኢዲዎቹ ቢጎርሱም ባይጎርሱም ትራያኩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ የማያቋርጥ ፍሰት ተገኘ። አምስቱ ጎረቤቶቹ የተረጋጉት በእሱ ትከሻ ነው።

የሌሊቱ ጭላንጭል ምክንያት ለየት ይላል። በዚያ ግድግዳ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ የለም፤ ያሉት ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝና ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ናቸው። በጣት የሚነካ ዲመር ደግሞ ንክኪውን ለመጠበቅ ሌት ተቀን ነቅቶ መቆየት አለበት። ለዚያ የሚበቃውን ጥቂት ፍሰት የሚያገኘው በአምፖሎቹ በኩል አሳልፎ ነው። ሃሎጅን ይህን ያህል ሲያልፍበት ገላው እንኳ አይሞቅም። ኤልኢዲ ግን ጠብታዋን እየለቀመ በካፓሲተሩ ያጠራቅማል፤ ሲሞላለት ብልጭ ይላል፣ ወይም ጭል ጭል ሲል ያድራል። እግረ መንገዴን፦ በእንዲህ ያለ ዲመር "ጠፍቷል" ማለት "ተቋርጧል" ማለት አይደለም። አምፖል የሚቀይር ሰው ብሬከሩን አውርዶ በቴስተር ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። የሳሎኑ ዲመርና የሳሎኑ አምፖል ግን ከሁለት ባሕር የተቀዱ ነበሩ። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ጆኤል ስፓይራ እ.ኤ.አ. በ1959 በሴሚኮንዳክተር የሚሠራ፣ በግድግዳ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ዲመር ሲያበጅ ቤቱን የሚያበራው የሚግል ሽቦ ነበር። ከፊት መቁረጥ ለዚያ ሽቦ የተሰፋ ልብስ ነው። በየካርቶኑ ላይ ያለው "በዲመር ይሠራል" የሚል ጽሑፍ ደግሞ በየትኛው ዲመር፣ ስንት ሆነው፣ እስከ የት ድረስ እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ነው አምፖሉን ለብቻው፣ ዲመሩን ለብቻው መግዛት ከንቱ ነው የምለው። የሚገዛው ጥንዱ ነው።

## የሚታየው 400፣ የሚጎዳው 60

የዚያ ዲመር ጀርባ ላይ "60–400 ዋት" ይላል። ሰው ሁሉ የሚያየው 400ውን ነው። ስድስት ጊዜ ሰባት 42፤ ከ400 ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ያልፋል። ጣጣው ያለው 60ው ላይ ነው። 42 ዋት ሙሉ በርቶ እንኳ ከ60 በታች ነው፤ ሲደበዝዝ ደግሞ ጥቂት ዋት ብቻ ይቀራል። ሃሎጅኑ ሲገባ 35 እና 50 ተደምሮ 85 ሆነ፣ ዝቅተኛውን መስመር ተሻገረ።

የላይኛውም ቁጥር ቢሆን ለኤልኢዲ እንዳለ አይወሰድም። 400 የተባለው ለሚግል ሽቦ ነው። በየግማሽ ዙሩ የሚደጋገመው ጉርሻ ዲመሩን ከዋቱ በላይ ስለሚያደክመው፣ አምራቾች ለኤልኢዲ የሚሰጡት ቁጥር ብዙ ጊዜ የዚያ ሩብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። ደህና ዲመር ሁለቱን ለየብቻ ይጽፋል፤ የአምፖል ብዛትም የሚወስን አለ። የኤልኢዲ ቁጥር ጭራሽ ያልተጻፈበትን ዲመር መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ሦስት ዲመር በአንድ ፍሬም ጎን ለጎን ሲገቡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሙቀት ስለሚቀበል የተፈቀደው ዋት እንደገና ይቀንሳል። ስንት እንደሚቀንስ በመመሪያው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ያ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል።

ለኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ከኋላ የሚቆርጠው ዲመር ነው። ይህኛው በትራያክ ፈንታ ትራንዚስተር ይጠቀማል፤ ሞገዱን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይተወውና ጭራውን ይቆርጠዋል። ድንገተኛው ጉርሻ ስለማይኖር ድምፁም መርገብገቡም ይቀንሳል፣ በጥቂት ዋትም መሥራት ይችላል። ሆኖም ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ለከፊት ቆራጭ ብቻ የተሠሩ ድራይቨሮች አሉ። ባለ 12 ቮልት የድሮ የብረት ትራንስፎርመር ያለበት መስመር ላይ ደግሞ ከኋላ የሚቆርጥ ዲመር ማስገባት ዲመሩን መግደል ነው። ሁለቱንም የሚችል፣ በቁልፍ ወይም በራሱ የሚመርጥ ዓይነት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ "በራሱ የሚመርጥ" የተባለው ግን አንዳንዴ ስለሚሳሳት በእጅ የሚመረጠውን እወዳለሁ። በዚህ ጉዳይ ኔማ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ኤስኤስኤል 7ኤ የሚል መለኪያ አውጥቷል፤ ዲመሩም አምፖሉም በዚያ መለኪያ የተሠሩ ከሆነ ግምቱ ይቀንሳል።

ዲመሩን መቀየር የማይቻልበት ጊዜም አለ። ያኔ የሃሎጅኑን ሥራ የሚሠራ ባይፓስ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይገባል። የሚታሰረው ከዲመሩ በሚወጣው ሽቦና በኒውትራል መካከል፣ ከአምፖሎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። ኒውትራል ያለው ኮርኒስ ላይ ስለሆነ ቦታው መጀመሪያው ዳውንላይት ዘንድ ነው እንጂ ግድግዳው ሳጥን ውስጥ አይደለም። ዓይነቱም የዲመሩ አምራች የሚለው መሆን አለበት። በሬዚስተር የሚሠራው ይሞቃል፣ ስለዚህ ከሙቀት መከላከያ ፋይበር ሥር አይቀበርም። ባይፓስ ጭላንጭሉን ያጠፋል፣ ዝቅተኛውን ጭነት ያሟላል። አንዱ አምፖል 20 በመቶ ላይ ሌላው 8 በመቶ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ግን ምንም አይረዳም፤ ያ የድራይቨሮቹ ልዩነት ነው።

## ከኮርኒሱ ተነስቶ ወደ ግድግዳ

ሰው ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከሚያምረው የግድግዳ ቁልፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ዳውንላይቱ፣ ቀጥሎ ድራይቨሩ፣ ዲመሩ መጨረሻ።

ስለ ድራይቨሩ የሚጠየቀው ጥያቄ "ዲመር ይቀበላል ወይ?" ሳይሆን "እስከ ስንት በመቶ ይወርዳል?" ነው። ዓይን እንደ መለኪያ መሣሪያ አይቆጥርም። ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ለዓይን የሚመስለው ሲሶ አካባቢ፣ 32 በመቶ ነው። አንድ አሥረኛ እንዲመስል ከተፈለገ እስከ 1 በመቶ መውረድ አለበት። ስለዚህ 10 በመቶ ላይ የሚቆም ድራይቨር ለኩሽና ይበቃል፤ ፊልም ለሚታይበት ክፍል ወይም ሌሊት ልጅ ለሚታይበት መኝታ ቤት ግን ያበሳጫል።

የቀለሙም ነገር ሰውን ያታልላል። ሃሎጅን ሲደበዝዝ ወደ ቀይነት ይሄዳል፣ እኛም ዝቅ ያለ ብርሃንን ከዚያ ሙቀት ጋር ለምደነዋል። ተራ ኤልኢዲ ግን ቀለሙን ይዞ ነው የሚወርደው። 4000 ኬልቪን የሆነው፣ ማለትም ነጣ ያለው፣ ሲደበዝዝ ክፍሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለሚደበዝዝ ክፍል 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ይሻላል፤ ከዚያ የተሻለ ከተፈለገ ደግሞ ሲወርድ ከ3000 ወደ 1800 ኬልቪን የሚሞቀውን ዓይነት መያዝ ነው። ይህኛው ጥቅሙ የሚታየው ታችኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ዲመሩ ያን ያህል መውረድ ካልቻለ ልዩነቱ በከንቱ ይቀራል። የቀለም አገላለጽ መጠኑ፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 90 እና ከዚያ በላይ ቢሆን የሰው ፊትና እንጨት ያምራል።

በብርሃኑ ስፋት ላይ ብዙ አልቆይም። ከመብራቱ 2 ሜትር ወርዶ 36 ዲግሪ የሆነው 1.3 ሜትር ያህል ክብ ይሠራል፣ 60 ዲግሪው 2.3 ሜትር። ጠባቡ ለግድግዳና ለጠረጴዛ፣ ሰፊው ለመተላለፊያ። አሥራ ሁለት ዳውንላይት እንደ ቼዝ ገበታ ደርድሮ "ዲመር አለው፣ ይቀነሳል" ማለት ግን የዲመርን ሥራ አለማወቅ ነው። አሥራ ሁለቱን በአንድ ዲመር ከማሰር በሦስት መስመር መክፈል፣ ማለትም ግድግዳ ለብቻ፣ መሃል ለብቻ፣ ጠረጴዛ ለብቻ ማድረግ ከየትኛውም ውድ ቁልፍ የበለጠ ክፍሉን ይለውጠዋል። ያኔ ግን የየመስመሩ ዋት ስለሚያንስ ያ የታችኛው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

ሁሉም የሚዘነጋት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ድራይቨሩ በዳውንላይቱ ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ቀዳዳው 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ ድራይቨሩ በውፍረቱ ካላለፈ፣ በተበላሸ ቀን ኮርኒሱ ይቀደዳል። ድራይቨር ደግሞ መበላሸቱ አይቀርም፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ፋይበር ሥር የተቀበረ ድራይቨር ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ሰዓት የማያደርሰው ለዚህ ነው። ፋይበር ካለ ከእሱ ጋር መነካካት የሚፈቀድለትን ዳውንላይት መፈለግ ነው።

## ልስን ከመግባቱ በፊት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግድግዳው ክፍት እያለ ያልተሳበ ሽቦ በኋላ መጋዝና አቧራ ነው። በየማብሪያ ሳጥኑ ኒውትራል ይግባ፤ ዛሬ ባያስፈልግም ሽቦው ተጠቅልሎ ጫፉ በኮኔክተር ይዘጋና ይቀመጥ። ኒውትራል የሚያገኝ ባለ ሦስት ሽቦ ዲመር ራሱን የሚመግበው በራሱ መስመር ስለሆነ የሌሊቱ ጭላንጭል ትልቁ ምክንያት ይወገዳል። ሳጥኑም ጠለቅ ያለ፣ 47 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ዲመርና ሽቦ ሳይጨናነቁ ይገባሉ።

ቤቱ በሙሉ በአንድ ሥርዓት የሚመራ ከሆነ ግን ሞገድ መቁረጡን ትቶ ዳሊ የተባለውን የመብራት መቆጣጠሪያ ስልት ማሰብ ይገባል። በዳሊ ኤሌክትሪኩ ሳይቆረጥ በቀጥታ ወደ ድራይቨሩ ይሄዳል፤ "ዝቅ በል" የሚለው ትእዛዝ በሌሎች ሁለት ሽቦዎች ይደርሰዋል። ከዲመሩና ከካፓሲተሩ ጠብ የሚመጣው መርገብገብ እዚህ ቦታ የለውም። አንድ መስመር እስከ 64 ድራይቨር፣ 16 ቡድንና 16 የተቀመጠ የብርሃን ሁኔታ ይይዛል፤ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እስከ 300 ሜትር ይሄዳል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ቢገለባበጡም ግድ የለውም። ከኤሌክትሪኩ ጋር በአንድ ባለ አምስት ሽቦ ገመድ ሊሳብ ይችላል። ነገር ግን 16 ቮልት ገደማ ነው ተብሎ በባዶ እጅ አይነካም፤ ከዋናው መስመር የሚለየው መከላከያ ደካማ ስለሆነ እንደ ዋናው መስመር ነው የሚያዘው።

ትእዛዙን በቮልቴጅ ከፍታ የሚያስተላልፈው፣ ከ1–10 ቮልት የሚባለው ስልት ርካሽና ቀላል ነው፤ ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በራሱ ማጥፋት አይችልም፣ ከጎኑ ማቋረጫ ሪሌ ይፈልጋል። የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከተበጠሰ ደግሞ መብራቱ ሙሉ ሆኖ ይበራል፤ እርስ በርሱ ከተነካካ ወደ ታች ይወርድና እዚያው ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብልሽቱን መሰላል ሳይወጣ ይገምታል።

በስልክ የሚታዘዝ፣ ዚግቢ ወይም ዋይፋይ ያለው አምፖል ከማንኛውም ዲመር ጀርባ አይታሰርም። አምፖሉ ራሱ ዲመር ነው፤ የተቆረጠ ሞገድ ሲደርሰው ሊቃጠል ወይም ከመረቡ ሊጠፋ ይችላል። በሁለት ቦታ የሚበራ መስመር ላይም ሁለት ዲመር አይገባም፤ አንዱ ዲመር፣ ሌላው ለዚያ ዲመር የሚስማማ ተጓዳኝ ቁልፍ ነው።

## ጠረጴዛ ላይ ይሞከር

አንድ አምፖልና አንድ ዲመር ገዝቶ መሞከር ያሳስታል። አንዱ ላይ የሚርገበገበው ስድስቱ ላይ ሊረጋ ይችላል፣ አንዱ ላይ ጸጥ ያለው ስድስቱ ላይ ሊጮኽ ይችላል። በመስመሩ ላይ የሚኖሩት ሁሉ፣ ከዚያው ከአንድ ምርት፣ ጠረጴዛ ላይ ታስረው ነው የሚታዩት።

ለግማሽ ሰዓት ሙሉ አብርቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማውረድና የመጀመሪያው አምፖል የሚያመነታበትን ቦታ ማየት። የዲመሩ የታችኛው ወሰን የሚስተካከለው ከዚያ ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ አብዛኛው ዲመር ለዚህ ትንሽ ብሎን ወይም ቁልፍ አለው። ከዚያ እዚያው ዝቅ እንዳለ አጥፍቶ መልሶ ማብራት። ሁሉም ይነሳሉ? ሲቀዘቅዙስ? በርቶ መውረድ የቻለ ሁሉ ከታች መነሳት አይችልም፤ የማይነሳ ካለ ወሰኑ ከፍ ይላል፣ ወይም ዲመሩ ሲበራ ለቅጽበት የሚገፋበት ማስተካከያ ካለው ያ ይከፈታል። ክፍሉን አጨልሞ፣ አጥፍቶ፣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ። ጆሮን አስጠግቶ ማዳመጥ። በስልክ ካሜራ በዝግታ መቅረጽ፤ ዓይን ያልያዘውን መርገብገብ ካሜራው ያሳያል። በመጨረሻም ዲመሩን በሚመግበው መስመር ላይ፣ ከዲመሩ በፊት ባለ ሶኬት፣ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ሰክቶ ማብራት፤ ቮልቴጁ ለአፍታ ሲወርድ የታችኛው ጫፍ ላይ ያለ ደካማ ድራይቨር ይንቀጠቀጣል።

ያለፈው ጥንድ ሲታሰር ከዚያው ምርት ሁለት ትርፍ አምፖል ይቀመጥ። አምራቾች ስሙን ሳይለውጡ ድራይቨሩን ስለሚለውጡ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገዛው "ያው" አምፖል ሲወርድ ከጓደኞቹ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል።

የሳሎኑን ስድስት መብራት በተመለከተ፦ ሃሎጅኑ ወጣ፣ ኤልኢዲው ወደ ቦታው ተመለሰ። ዲመሩ በሁለት ሽቦ በሚሠራ፣ ከኋላ በሚቆርጥ ተተካ፤ ኒውትራል ስላልነበረ ባይፓሱ ኮርኒስ ላይ፣ መጀመሪያው ዳውንላይት ዘንድ ታሰረ። አሁን እስከ ታች ድረስ አብረው ይወርዳሉ፣ ሌሊትም ጨለማው ጨለማ ነው። ሲበራ ብቻ ከመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ከሌሎቹ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይነሳል።